የማለደ መኪና ቺንጋ

መርዶ ሲኖር ሰው ሁሉ ይሄይስን ይጠራል። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ ፊቱ ነው። ሰርግ በልቶ ሲመለስም ሆነ ቀብር ውሎ ሲመለስ ፊቱ ያው ነው፤ ሚስቱ እንኳ መቆጣቱን የምታውቀው እራት ሲተው ነው። ስለዚህ አገር ቤት የቀረ ዘመድ በሞተ ቁጥር፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እስኪያረዱ ድረስ ሐዘንተኛው ወሬ እንዳይሰማ የመጠበቅ አደራ እሱ ላይ ይወድቃል። በሱዳን በኩል እዚህ አገር ከገቡ ወዲህ ሁለት ጊዜ እንዲህ ዘብ ቆሟል። ይህኛው ግን ከሁሉም ከበደው። የሞቱት እማማ ወርቄ ናቸው፣ የሚጠበቀውም ልጃቸው ማለደ፣ የገዛ አጎቱ ልጅ። እማማ ወርቄ ይሄይስንም በእጃቸው አጉርሰው ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ለእሱ ግን ማንም ዘብ አልቆመለትም።

ወሬው የመጣው ረቡዕ ዕለት ነው። ከነማለደ መንደር በቅርቡ የገባ አንድ ሰው ሩቋ አሽቀሎን ባለው የመጤዎች ማረፊያ ተቀምጦ፣ ለቲራት ካርሜሉ ሽማግሌ ለአባ ባየህ በስልክ ነገራቸው። አባ ባየህ ይሄይስን አስጠሩት።

"ዘመድ ሩቅ ነው፣ ለነገ አይደርስም፤ ዓርብ ደግሞ አናረዳውም፣ ሰንበት ይገባበታል" አሉት። "በሰንበት አይለቀስ፤ ሰው እንባውን ውጦ እንዴት ይውላል? እሑድ ሲነጋጋ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ በሩን እናንኳኳለን። እስከዚያ ወሬ እንዳይሰማ። ሆድ ይፍጀው።"

"እሺ አባ" አለ ይሄይስ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው እንጂ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ነሸር ከተማ በሚሠራበት ጋራዥ፣ እዚህ ሙሳህ በሚሉት፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ ዋለ። ሌሊቱን ደግሞ ጣራ ሲያይ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ማለደ አስጠራው። ከሚኖርበት ሕንፃ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ አሮጊት ፊያት መኪናውን አቁሞ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ሸጉጦ፣ ኮፈኗን ከፍቶ ጠበቀው። ከዚያ ቁልቁለት ላይ ባሕሩና የወደቡ ክሬኖች ወለል ብለው ይታያሉ፤ የዚያን ቀን ግን ሙቀቱ ሁሉንም አጨፍግጎት ነበር።

"አዲሱን ቺንጋ ገዛሁት" አለ ማለደ፣ በወረቀት የተጠቀለለውን እያሳየ። "ዛሬውኑ እንቀይረው።"

ከሁለት ሳምንት በፊት ኮፈኗን ከፍቶ የታይሚንጉ ቺንጋ መሰነጣጠቁን ያየው ይሄይስ ራሱ ነው። ይህ ቺንጋ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው፤ የሞተሩን ላይና ታች አስማምቶ ያዞራል። ከተበጠሰ የላዩ ከታቹ ይጋጭና ሞተሩ ያልቅለታል። "ከተማ ለከተማ ንዳት፣ ሩቅ እንዳትሄድባት" ብሎት ነበር።

"ምን አስቸኮለህ?" አለው።

"አሽቀሎን ከኛ መንደር ሰው ገብቷል አሉ። ሄጄ ጭኜው ልምጣ፣ ሰንበትን እኔ ዘንድ ይዋል። በአውቶቡስ ብሄድ ሰንበት ሳይገባ አልመለስም። ከእናቴ ደጅ የመጣ ሰው እኮ ነው፣ ይሄይስ። ዓይኗ ታያለች ወይ፣ እህል ማን ይፈጭላታል፣ ሁሉን እጠይቀዋለሁ።"

ይሄይስ በልቡ አሰላው። ቺንጋው ዛሬ ከተቀየረ ማለደ አሽቀሎን ይገባል። አሽቀሎን ከገባ ደግሞ የእናቱን ሞት ከአንድ እንግዳ አፍ፣ ዘመድ በሌለበት ይሰማል፤ ሰንበትም እላዩ ላይ ይገባበታል። ጠላት እንኳ እንዲህ መርዶ አይሰማም።

ስለዚህ መዋሸት ጀመረ። ይሄይስ ደግሞ ለውሸት አልተፈጠረም።

"ይህ የሙሳህ ሥራ ነው" አለ። "እሑድ እኔው እወስድልሃለሁ።"

"አንተ ምንድን ነህ ታዲያ? የሙሳህ ሰው አይደለህም ወይ?"

"እዚያ ልዩ መሣሪያ አለ።"

"ባለፈው የጎረቤትህን ስትቀይር ልዩ መሣሪያው የት ነበር? ሁለት የቡሎን መፍቻ ቺያቬ ብቻ ይዘህ አይቼሃለሁ።"

"ቁልቁለት ነው፣ አደጋ አለው።"

"ድንጋይ አድርጌያለሁ።"

"አንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሞተሩን እንገድለዋለን፣ ማለደ። የሰው እጅ ይስታል። ድካም አለብኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ወገቤ ተቆርጧል።" ይህችኛዋ እንኳ እውነት ነበረች።

ማለደ ሳቀ። የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ አባቱ ከወናፉ ሥር ያሳደጉት፣ ሰው የገጠመውን ብረት ሰው ይፈታዋል ብሎ የሚያምን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚሉት፣ አንዴ ያሰበውን ማንም አያስጥለውም።

"አንተ እረፍ፣ እኔ እሠራለሁ። እያየህ ታርመኛለህ" አለና እጅጌውን ሰበሰበ። "ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።"

ተረቷ ሰው ሁሉ ሥራ ሲጀምር የሚላት ናት። ይሄይስ ግን ሰምቶ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

የማለደ ሚስት ይርገዱ ዳቦና ውሃ ይዛ ወረደች። እሷም ነገሩን ታውቃለች፤ ከሐሙስ ጀምሮ ባሏን ቀና ብላ አላየችም። ሳህኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሁለቱን በተራ አየች። "በዚህ ሐሩር ምን አስጨነቃችሁ? ለሌላ ቀን አትሉትም ወይ?" አለች።

"ለእናቴ ስል ሐሩር ምንድን ነው?" አላት ማለደ። እሷም ቶሎ ወደ ላይ ወጣች።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። ማለደ የሽፋኑን ቡሎኖች ሲፈታ ይሄይስ እጁን አጣጥፎ ሊያይ ነበር ሐሳቡ፤ ግን ምልክቶቹ ሳይገጥሙ አሮጌውን ቺንጋ ሊጎትት ሲል አላስቻለውም። እጅ የለመደውን ይሠራል። "ቆይ፣ ቆይ" አለና ገፋ አድርጎት ሞተሩን በቺያቬ እያዞረ የላዩንና የታቹን ምልክት አገጣጠመ። ከዚያ ቺንጋውን የሚወጥረውን መዘውር ያሰረችውን ዳዶ ፈታ። አሮጌው ቺንጋ ተልፈስፍሶ ወጣ።

ዳዶዋ መዳፉ ላይ ቀረች። ይሄይስ አያት። ይህች ከሌለች መኪናዋ እስከ እሑድ ንቅንቅ አትልም፤ ዓርብ ነው፣ ሱቁም እየተዘጋ ነው። ማለደ አዲሱን ቺንጋ ከወረቀቱ ሊያወጣ ዞር ሲል፣ ዳዶዋን ኪሱ ከተታት። ከዚያ የባሰ ደከመው። አደራ ለመጠበቅ ብሎ ወንድሙን ሰረቀ።

አዲሱን ቺንጋ ጥርስ በጥርስ አገቡት። ማለደ እጁን ዘረጋ።

"ዳዶዋን አቀብለኝ።"

"እዚህ አስቀምጫት ነበር። ተንከባላ ወርዳ ይሆናል፣ ቁልቁለት አይደል።"

ማለደ በሆዱ ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ፈለገ። ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ፣ የጉድጓዱን ክዳን ዳር ዳሩን በጣቱ ዳበሰ፣ የወደቀውን የጥድ ቅጠል በእፍኙ እየዘገነ አራገፈ። ይሄይስ ከላይ ሆኖ አየው። ይህ ሰው ለእናቱ ብሎ አስፋልት ላይ በጉልበቱ ይድኻል፣ እናቱ ደግሞ የለችም። አሳዘነው። ሳያውቀው እጁ ኪሱን ጨብጦ ነበር።

ማለደ ተመልሶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ፊቱን አላየም፣ እጁን ነው ያየው።

"ኪስህ ውስጥ ናት" አለ።

ይሄይስ እጁን ከኪሱ ላይ አነሣ።

"ሱዳን ስንሻገር የእኔን ውሃ አንተ ነበርህ የተሸከምኸው። ከንፈርህ ተሰነጣጥቆ አንዲት ጉንጭ አልሰረቅኸኝም። ዛሬ ለዳዶ ምን አስሰረቀህ?"

ማለደ ቀና ብሎ የቤቱን መስኮት አየ፤ ይርገዱ ቆማ ታይ ነበር፣ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ መጋረጃውን ለቀቀችው። 

"ድንቄ ደግሞ ከክርያት ያም ደውላ ነበር" አለ፣ ቀስ ብሎ። ድንቄ እህቱ ናት። "ሰንበት ሲወጣ እመጣለሁ፣ አንተ ዘንድ አድራለሁ አለችኝ። እሑድ ሥራ የለሽም ወይ ብላት ፈቃድ ወሰድሁ አለች።"

"ማለደ..."

"እንዳትነግረኝ።" እጁን አነሣ። እጁ በግራሶ ጠቁሮ ነበር። "አንዲት ቃል እንዳትናገር። የሚናገር ሰው አለው ይህ ነገር። አሁን ከነገርኸኝ ሰንበትን ተሸክሜው ልገባ ነው። ካልነገርኸኝ እስከ እሑድ እናት አለኝ።"

መኪናዋን ተደግፎ ተቀመጠ። ይሄይስም አጠገቡ ተቀመጠ። ማጽናናት አይችል፣ ማልቀስ አይችል፤ ገና ማንም አልሞተማ። ከላይ መንገድ አንድ አውቶቡስ እያቃሰተ ወጣ። ሁለቱም በጣም ደክሟቸው ነበር።

ኋላ ማለደ መዳፉን ዘረጋ። "አምጣት፣ እንጨርሰው።"

"ወዴት ልትሄድ?" ይሄይስ ደነገጠ።

"እኔማ የትም አልሄድ። ሽማግሌዎቹ ከቲራት ካርሜል አይደሉም ወይ የሚመጡት? መርዶ በንጋት ነው፣ ያኔ አውቶቡስ የለም። አባ ባየህን በእግር ልታመጣቸው ነው?"

ይሄይስ ዳዶዋን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። እጁ ጨብጧት ስለቆየ ሞቃ ነበር። መዘውሩን ወጠሩ፣ ማለደ አሰረ፣ ይሄይስ ፈተሸ። ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዞሩት፤ ምልክቶቹ ተገናኙ። ሽፋኑን መለሱ። ማለደ ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ አንዴ አጉረመረመችና ተነሣች፤ እንደዚያ ቀን አምሮባት አታውቅም።

ማለደ አጥፍቷት ወረደ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ደረጃው ጥቂት ራመደና ተመለሰ። ቁልፉን በይሄይስ መዳፍ ላይ አኖረው።

"አባ ባየህ እንዳያውቁብኝ፣ ማርዳት ክብራቸው ነው። እኔ አልሰማሁም" አለው። "እሑድ ስታንኳኩ ግን ቶሎ አልከፍትላችሁም። ትንሽ ታገሡኝ።"