ዋስ ፍለጋ

አንድ ዓይኗን ገልጣ ስለምትተኛ «ቆቋ» ይሏታል። አራት አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ እየተዘዋወረ ያደገ ሰው ሌላ እንዴት ይተኛል? አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት የሕፃናት ቢሮው ኬክ አስቆርሶ፣ ሻንጣ ሸልሞ፣ «እንግዲህ ክንፍሽ በርትቷል» ብሎ አሰናበታት። የመጨረሻዎቹ አሳዳጊዎቿም ጨዋ ሰዎች ናቸውና ኬኩ ሳያልቅ አልጋዋን ለአዲስ ልጅ አነጠፉ።

ደግነቱ፣ ቢሮው ራስን የመቻል አሰልጣኝ መድቦላታል። አርባ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። «ራስን መቻል ከአእምሮ ይጀምራል» ይላታል። የት እንደሚያልቅ ግን ነግሯት አያውቅም።

ቆቋ ዳቦ ቤት ሥራ ያዘች። መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ አንዲት ክፍልም አገኘች። አከራይዋ ግን «አባት ወይ እናት ዋስ አምጪ» አሏት። ቢሮ ሄደች።

ኃላፊዋ በሐዘኔታ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «ልጄ፣ እኛ እንደ እናትሽ ነን። ዋስ እንዳንሆን ግን መመሪያው አይፈቅድም።»

አጠገባቸው ወደ ተቀመጠው አሰልጣኟ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎስ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «በእኔ በኩል ችግር የለም። ብቻ እማዬን ልጠይቃት።»

«ከእናትዎ ጋር ነው እንዴ የሚኖሩት?»

«ለጊዜው ነው» አለ።

በማግስቱ እናቱ ራሳቸው መጡ፤ አጠር ያሉ፣ ቆፍጠን ያሉ ሴትዮ። ልጃቸው ቦርሳቸውን ይዞ ከኋላ ይከተላል። አከራይዋ ፊት ቁጭ ብለው ሳያንገራግሩ ፈረሙ።

«ልጅዎ ናት?» አሏቸው አከራይዋ።

«አይ፣ የእኔ ልጅ ገና ከቤት አልወጣም።»

አሰልጣኙ የጫማውን አፍንጫ ማየት ጀመረ። ሲወጡ ሴትየዋ የቆቋን ክንድ ያዝ አድርገው፣ «ሲያምሽ ለእኔ ደውዪ» አሏት። «ለእሱ እንዳትደውዪ። እሱ ሲያመው የሚደውለው ለእኔ ነው።»

ሲያምሽ ደውዪ ያላት ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም። «እሺ፣ እማማ» አለችና ስልክ ቁጥራቸውን ሁለት ቦታ ጻፈች።

ከወራት በኋላ ቢሮው እንግዶች ጠርቶ «የድካማችን ፍሬ» ብሎ መድረክ ላይ አወጣት። ኃላፊዋ ማይኩን ሰጥተው፣ ለዚህ ማን እንዳበቃት እንድትናገር ፈገግ ብለው ጠበቁ።

«የአሰልጣኜ እናት ናቸው» አለች።

ያጨበጨበው አሰልጣኙ ብቻ ነበር፣ እሱም አንዴ።

በዓመቱ መድረኩ ላይ ሌላ ልጅ አወጡ። ቆቋ አልከፋትም፤ በዚያው ሰዓት እማማ ቤት ምሳ እየበላች ነበር። ሳህኑን ያጠበው አሰልጣኙ ነው። ሁለት ሰበረ።