ኢሳያስ ያልጠጣው ጠጅ

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የጌታ እራት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይነገራል። የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ጋሽ ባፈና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «የተጣላችሁ ታረቁ፣ ከዚያ ወደ ማዕዱ ቅረቡ» ይላሉ። ነገሩ መልካም ነው። ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ የቦንጋ አማኝ ሁሉ ከቤት ቤት እየዞረ ያችኑ አንድ ንግግር ያድላል፤ «አውቄም ሆነ ሳላውቅ አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅር በይኝ።» አንቺም «ይቅር ብያለሁ፣ አንተም ይቅር በለኝ» ትያለሽ፤ ትተቃቀፋላችሁ፤ አለቀ። ምን እንደበደለሽ አልነገረሽም፤ አንቺም አልጠየቅሽም። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳድል ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን አስጠላኝ።

ምክንያቱ ባሌ ኢሳያስ ነው። እሱና ጓደኛው ፈለቀ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ካለው ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ሲደርስም አብረው ማር ይቆርጣሉ። ዛፍ የሚወጣው ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ በላይኛው ቅርንጫፍ ዞሮ ይወርድና ሌላው ከሥር ቆሞ ይይዘዋል። የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ የወጣው ሰው እግር መሬት እስኪነካ ከሥር ያለው ገመዱን አይለቅም። ዝናብ ቢወርድበትም፣ ንብ ቢነድፈውም አይለቅም።

ባለፈው ግንቦት ኢሳያስ ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ፤ ጭንቅላቱንም ተመታ። ከስንት ቀን በኋላ ሲነቃ የዚያን ዕለት ነገር ከጠዋት ጀምሮ አንዱም ትዝ አላለውም። ፈለቀ ግን ሆስፒታሉ ግቢ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ነግሮ ጨርሶ ነበር፤ «ጠጅ ጠጥቶ ነበር። አትውጣ ብለው እምቢ አለኝ። ቋጠሮውን ራሱ ነው ያላላው።»

ኢሳያስ ዱሮ ይጠጣ ነበር። ጌታን ካገኘ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ አልቀመሰም። ዱሮ ይጠጣ በነበረ ሰው ላይ የተወራን ነገር ግን ማን ይጠራጠራል? እኔ በመንገዳቸው ላይ ያለችው ብቸኛዋ ጠጅ ሻጭ ዙፋን ዘንድ ሄጃለሁ። «ኢሳያስ? ከሰባት ዓመት ወዲህ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል» አለችኝ። ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ብነግራቸው እርስ በርስ ተያዩና አንዱ «የጠጅ ሻጭ ምስክርነት ወደ ጉባኤ አናመጣም» አለኝ። የፈለቀን ወሬ ለማምጣት ግን ማንም አልከበደውም፤ ዲያቆን ነዋ።

ሽማግሌዎቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው አልጋው ድረስ መጡና ጠየቁት። «አላስታውስም» አለ። አላስታውስም ማለቱ አልክድም እንደማለት ተቆጠረበት። ለስድስት ወር ከጌታ እራት ታገደ፤ ከመዘምራኑም ወጣ። ሐምሌ ላይ በክራንች ተደግፎ ጉባኤው ፊት ቆመና ስላልጠጣው ጠጅ ንስሐ ገባ። «ወደ ዱሮው ተመልሻለሁ፣ ጸልዩልኝ» ሲል ፈለቀ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኢሳያስ ሌላ ሰው ሆነ። ራሱን አያምንም። ለቅሶ ቤት እንኳ ጠላ ይኖራል ብሎ አይሄድም። «አንድ ጊዜ ሳላውቀው ከጠጣሁ፣ ሌላ ጊዜስ?» ይለኛል።

እንግዲህ መስከረም ላይ የጌታ እራት ሲነገር ፈለቀ አንድ ጣሳ ማር ይዞ ቤታችን መጣ። ቁጭ አለና ያችኑ የታወቀች ንግግር አወረዳት።

«ወንድሜ ኢሳያስ፣ አውቄም ሆነ ሳላውቅ አስቀይሜህ ከሆነ ...»

ኢሳያስ አላስጨረሰውም። «ይቅር ብዬሃለሁ። እኔ ነኝ እንጂ ያስቸገርኩህ።»

ፈለቀ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ በዛወርቅ?»

«ምኑን?» አልኩት።

«እንዴት ምኑን?»

«ይቅር የምልህ ምኑን ነው? ንገረኝና ይቅር ልበልህ። ባሌ ሲወድቅ ገመዱ ማን እጅ ላይ ነበር?»

ፊቱ ጠቆረ። ኢሳያስ «በዛዬ፣ ተይ» አለ። ፈለቀ ማሩን እንኳ ሳያስታውስ ተነስቶ ወጣ። ያን ቀን ባሌ ራት አልበላም፤ እንግዳ አዋረድሽብኝ ብሎ አኮረፈኝ። እኔም በእሱ ተናደድኩ። ይቅርታ ማለት እንዲህ ዓይንን ጨፍኖ ለመጣው ሁሉ የሚታደል ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

በማግስቱ ጋሽ ባፈና ልብስ ወደምሰፋበት ሱቅ መጡ። የአዘቦት ልብሳቸውን ሊያሳጥሩ የመጡ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው።

«ልጄ፣ ይቅር የማትል ነፍስ ማዕዱን ልትካፈል አትችልም» አሉኝ።

«ይቅር አልልም አላልኩም ጋሽ ባፈና። የማላውቀውን ነገር ይቅር ማለት አልችልም ነው ያልኩት። እርስዎ ጨርቅ ሳይሰጡኝ ልብስ ስፊልኝ ይሉኛል?»

«ለቤተ ክርስቲያን ሰላም ስትይ እለፊው።»

«የባሌ ስም የተቀበረበት ሰላም ለእኔ ሰላም አይደለም» አልኳቸው። በሕይወቴ ለሽማግሌ እንዲህ መልሼ አላውቅም።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ፈለቀ ብቻውን ሱቁ በር ላይ ቆመ። መቀስ ይዤ ነበር፤ እጄ ላይ መኖሩ አላማረኝምና አስቀመጥኩት።

«እሑድ የእራቱን ሳህን የማዞረው እኔ ነኝ» አለ። «ባለፈው ጊዜ ኢሳያስ ጋ ስደርስ በራሱ ላይ አሻግሬ ለቀጣዩ ሰጠሁ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ድጋሚ እንደዚያ አልችልም።»

ወንበር አልሳብኩለትም።

«ኢሳያስ የወደቀ ዕለት ስልኬ ጮኸ» አለ። « እህቴ ናት፣ ከቢታ ገነት። ድምጿ ሲቆራረጥብኝ ገመዱን አንድ የቡና ግንድ ላይ አስሬ ኔትዎርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ ብዬ ነው በዛወርቅ። ጩኸቱን የሰማሁት እዚያ ሆኜ ነው።»

«ጠጁስ?»

«ጠጅ የለም። ሰው ከበበኝ፤ እንዴት ወደቀ አሉኝ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ሆነ። ካመኑኝ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

ያለቀሰ መሰለኝ፤ እኔ ግን አላዘንኩለትም። አራት ወር ሙሉ ባሌ ራሱን ሲፈራ ያየሁት እኔ ነኝ። «ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ አትገላገልም» አልኩት። «ኢሳያስ የቆመበት ቦታ ትቆማለህ፤ እሱ እየሰማ ትናገራለህ።»

እሑድ ቆመ። ግን አንገቱን ደፍቶ «በሥራ ላይ ጥንቃቄ ጎድሎኝ ወንድሜን አሳዝኛለሁ» ከማለቱ፣ ጋሽ ባፈና ፈጥነው «አሜን፣ ይበቃል ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ» አሉ። ጉባኤውም አሜን አለ። በዚህችው ሊያልፉ ነው። ደሜ ፈላ፤ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

«አልበቃም ጋሽ ባፈና» አልኩ። «ኢሳያስ ሲናዘዝ ጠጅ የሚለውን ቃል ሳይጠራ እንዲቀመጥ ፈቅደውለት ነበር?»

ፈለቀ ቀና አለና ሁሉንም ተናገረ፤ ስልኩን፣ ግንዱን፣ ጉብታውን፣ ውሸቱን። መጨረሻ ላይ «ኢሳያስ አልጠጣም። የለቀቅኩት እኔ ነኝ» ሲል ድምፁ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ወደ እኛ መጥቶ ባሌ እግር ሥር ሊወድቅ ሲል ኢሳያስ በአንድ እጁ ያዘው። እኔም አሁን የማውቀውን ነገር፣ እየከበደኝ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። ከልቤ ነበር።

እገዳው እዚያው ተነሳ። መዝሙሩ ተጀመረ፤ ሳህኑን ሌላ ዲያቆን ይዞ ከፊት ወንበር መዞር ጀመረ። ኢሳያስ እንደ ሕፃን እያለቀሰ «አልጠጣሁም እኮ በዛዬ፣ አልጠጣሁም» ይለኛል። ደስታዬ ወሰን አጣ። አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ አሸነፍኩ ነው ያልኩት።

ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ «ሽማግሌዎቹ አንድም የሚያውቀኝን ሰው ሳይጠይቁ ነው የፈረዱብኝ ማለት ነው?» አለ።

አዎ ማለት እችል ነበር። ጋሽ ባፈና ምስጢሬን እስከ ዛሬ አላወጡብኝም፤ በተናገርኳቸው ቀን እንኳ አላወጡብኝም።

«እኔን ጠይቀውኛል» አልኩት።

«መቼ?»

«ሆስፒታል፣ ኮሪደሩ ላይ። ገና ሳትነቃ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ሊሆን ይችላል አልኩ። አፍህን አሽትቼ ምንም አላገኘሁም፤ ግን ሊሆን ይችላል አልኩ። አመንኩት ኢሳያስ። ሦስት ቀን አምኜው ነበር።»

መዝሙሩ ቀጥሏል። ባሌ ለመጣው ሁሉ ይቅር ብያለሁ የሚል ሰው ነው፤ አሁንም ይላል ብዬ አፉን አፉን አየሁት። አላለም። ፊቱ ላይ በሰባት ዓመት አይቼው የማላውቀው ቁጣ መጣ፤ ለዓመታት የናፈቅኩት ቁጣ በእኔ ላይ መጣ።

ሳህኑ ወንበራችን ደረሰ። ኢሳያስ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበ።

«ታኅሣሥ ላይ በሚመጣው እራት እወስዳለሁ፤ አብረን እንወስዳለን» አለኝ በቀስታ። «ዛሬ ግን ልቆጣሽ።»

«ተቆጣኝ» አልኩት፤ ሳህኑንም ሳልነካው ከጎኔ ላለችው ሴት አሳለፍኩ።