ስም የወጣላት ጊደር

አባቴ ደሳለው ከልጆቹ ይልቅ ከብቶቹን ይወዳል እያልሁ አማው ነበር። ዛሬም ቢሆን ሐሜቴን ጨርሶ አልተውሁም።

በ1953 ዓ.ም. አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ወረታ ከተማ አራተኛ ክፍል እማራለሁ። የይፋግ ሰው አቶ አያልነህ ለልጃቸው ሚስትነት ጠየቁኝና አባቴ እሺ አለ። በእኛ አገር ሁለቱም ወገን ለሙሽሮቹ ማጫ ከብት ያዋጣል። የአባቴ ድርሻ አንዲት ጥቁርና ነጭ ጊደር ነበረች። እሷ ከበረት የወጣች ቀን እኔም ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነው።

ጊደሯ ስም አልነበራትም። በእኛ ቤት ለሰው የሚሰጥ ከብት ስም አይወጣለትም፤ ስም የወጣለት ደግሞ ለማንም አይሰጥም። የአያቴ ሕግ ነው፤ አባቴ ከጾም እኩል እንደሚያከብረው አገሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጊደሯን «ያቺ» ነበር የምንላት። እኔም አብሬያት «ያቺ» የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

አቶ አያልነህ ጊደሯን ሊወስዱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ጠላ ስቀዳ፣ ሞቅ ያለው አባቴ ሊያሾፍብኝ ፈለገ።

«እስቲ ታይቱ፣ ያ የሻው የሚሉት አስተማሪሽ ምን አስተማረሽ? ፈረንጅ ላምን ምን ይላታል?»

«ካው ይላታል።»

«ካው! የቁራ ጩኸት ነው እንጂ ይኼ ስም ነው?»

ሽማግሌዎቹ እስኪያስላቸው ሳቁ። በገንሁ፤ ስበግን ደግሞ ምላሴ አያርፍም።

«ሥጋዋ ግን ካው አይባልም፤ ቢፍ ነው የሚባለው» አልሁ።

አባቴ ሳቁን አቆመ። «እንዴት? አንዲት ከብት አይደለችም?»

የተማርሁትን ዘረገፍሁት። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ባሕር ተሻግረው የመጡ ጌቶች እንግሊዞችን ገዟቸው። ጌቶቹ ቋንቋቸው ሌላ ነው፤ ላሟንም የሚያውቋት ገበታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የሥጋዋ ስም ከእነሱ መጣ። በረት የሚጠርገው፣ ላም የሚያዋልደው ባላገር ግን አባቶቹ በሚጠሯት ስም ይጠራታል።

«ካው የእረኞቹ ቃል ነው» አልሁት።

«ጌቶቹስ?»

«ሞቱ። ልጆቻቸው ቋንቋቸውን ተዉት። ካው ግን አለች።»

አባቴ ዋንጫውን አስቀመጠ። በዚያው ዓመት ያደለበው ሰንጋ ለአንድ ትልቅ ሰው ድግስ ተወስዶበት፣ ከሥጋው አንዲት ቁራጭ አልቀመሰም ነበር።

«የእረኛ ቃል ዘጠኝ መቶ ዓመት!» አለ። «ይህን ሳልሰማ ልሞት ነበር። አራተኛ ክፍል ይህን ካስተማረ፣ አምስተኛ ምን ያስተምር ይሆን?»

«አላውቅም፣ አባየ። አልደርስበትም» አልሁ፤ እንባዬ መጣ።

አቶ አያልነህ፣ «እንግዲህ ሳይመሽብን» ብለው ተነሡ። ጊደሯን በገመድ እየሳቡ ከግቢው ሊወጡ ሲሉ፣ አባቴ ከኋላቸው ሮጦ ጮኸ።

«ካው! ነይ፣ ካው!»

ጊደሯ ድምፁን ሰምታ ዞረች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ምነው፣ አቶ ደሳለው?» አሉ አቶ አያልነህ።

«ይቅር ይበሉኝ። ስም ወጣላት። እሷም አትሄድም፤ ልጅቱም አምስተኛ ክፍልን ትየው።»

አቶ አያልነህ ሊቆጡ ጀምረው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ገመዱን ለእኔ ሰጡኝ። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤቱም ሰርጉ የተደገሰ መስሎት እየሮጠ መጣ። እኔ የካውን አንገት አቅፌ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ።

ሰኞ ጧት አባቴ ራሱ ወረታ ድረስ ሸኘኝ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልገባ ስል ጠራኝ።

«ታይቱ፣ ካው ላም ናት ብለሽኛል። የእኛዋ ገና አልወለደችም። ጊደርን ምን እንደሚሏት ጠይቀሽ ነይ።»