ጠረጴዛው ይውጣ!

የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶሲዮሎጂ ከጀመረች ወዲህ ቤት ውስጥ ስሟ ተረስቶ «ጠያቂዋ» ሆናለች። ምን ታድርግ! ወንድሟ ሻይ ሲጠጣ እንኳን «ግን ለምንድነው ሁሌ እዚችው ጥግ የምትቀመጠው?» ትለዋለች። አባቷ ደግሞ ደንበኛ «ልጅህ ምን እያጠናች ነው?» ሲለው መቀሱን ያፈጥንና «ያው… ስለ ሰው ነው» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ይቺ «ያው» የሚላት ነገር ታንገበግባት ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሆነው የሰፈሩን ባዶ አዳራሽ ለምነው አገኙ። ሐሳቡ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንዲያጠኑበት፣ ወላጆችም ቁጭ ብለው እንዲጫወቱበት ነው። የሰፈሩ ሊቀመንበር ቁልፉን ሲሰጧቸው ግን «እስከ ቅዳሜ ሰው ካልገባበት ለቀለም ነጋዴው መጋዘን ነው የማደርገው፤ እንዳትቀየሙኝ» አሏቸው።

ሰኞ ማንም አልመጣ። ማክሰኞም ዝር ያለ የለም። ወሬ የማያልቅበት፣ «ሬዲዮ» የሚሉት ጓደኛቸው «እኔ በቃ ለነጋዴው ቀለም ተሸካሚ ሆኜ ልቀጠር» እያለ ያበሽቃታል።

እሷ ግን እልኸኛ ናት። ረቡዕ ወጥታ ከመንገዱ ማዶ፣ የአባቷ ፀጉር ቤት በር ላይ ተቀመጠች። አስተማሪያቸው «ከመጠየቃችሁ በፊት አይታችሁ ጥገቡ» ይሏቸው የለ! አየች። አንዲት እናት ልጇን ይዛ እስከ በሩ መጣች፣ ወደ ውስጥ አጮልቃ አየች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ የልጁን አፍንጫ ጠረገች፣ ከዛ ተመለሰች። ቀጥሎ የመጣው አባትማ ጭራሽ ኪሱን ዳብሶ መታወቂያውን አወጣ!

«ውይ ጉዴ!» ብላ እየሮጠች ገባች። ጓደኞቿ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረው፣ እስክሪብቶ ይዘው፣ በሩ ላይ አፍጥጠዋል።

«ተነሱ! ፈታኝ መስለናል እኮ! ሰው እኛን እያየ ነው የሚመለሰው። እኔ ራሴ ብሆን አልገባም! ጠረጴዛው ይውጣ!»

«መመዝገቢያ ጠረጴዛ ከሌለማ ምኑን ፕሮጀክት ሆነ?» አለ ሬዲዮ።

«ሬዲዮ፣ ዝጋና በዛ በኩል ያዝ!»

ጠረጴዛው ወጣ። ወንበሮቹን በክብ ሲደረድሩ ያቺ እናት ደግማ በበሩ ስታልፍ አየቻት።

«እትዬ፣ እስቲ ይቺን ወንበር ይያዙልኝ!»

እናትየው ይዛ ገባች። አስቀመጠቻት። ከዛ ተቀመጠችባት። በቃ፣ አንዴ ከተቀመጠች ማን ያስነሳታል? ሐሙስ ጎረቤቷን ጎትታ መጣች። ዓርብ የጎረቤቷ ጎረቤት ልጆቿን አስከትላ ከተፍ።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ነጋዴውን ይዘው ሲመጡ መቀመጫ አጡ። አንዲት ፍንጭት ልጅ «ጋሼ፣ እሽሽ! እያጠናን ነው» አለቻቸው። ነጋዴው ዙሪያውን አየና «እኔ ሌላ ቦታ ልፈልግ መሰለኝ» ብሎ ሳቀ።

«ይሄን ሁሉ ሰው ማን ሰበሰበው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የኔ ልጅ ናታ!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። አባቷ ነው፤ ምላጩን እንደያዘ መንገዱን ተሻግሮ መጥቷል። «ሶሲዮሎጂ ነው የምታጠናው! ሰው ለምን እንደማይገባ አይታ የምታስገባ፣ የኔ ልጅ!»

አሁን «ያው» የለም። እሷ ቀና ብላ ማየት አቅቷት ወንበር ታስተካክላለች፤ የተስተካከለውን ወንበር።

ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ደንበኛ ከኋላ ብቅ አለ። «አንተ፣ ሌላኛው ጉንጬስ?»

«ቆይ እንጂ» አለው አባቷ። «ልጄን እያየሁ ነው።»