የዶኛ ሩፊና ምንጭ

መምህር አኒባል ተማሪዎቹን የመንደሩን ውሃ በባልዲና በሰዓት እየለካችሁ፣ አዛውንቶችንም እየጠየቃችሁ የውሃ ካርታ ሥሩ አላቸው። ከተማሪዎቹ አንዷ ኒዲያ ከሁሉም ልብለጥ ብላ ጎረቤቷ ዶኛ (ወይዘሮ) ሩፊና «ለማንም እንዳትናገሪ» ብለው ያሳዩዋትን ምንጭ ካርታው ላይ አስገባች። ካርታው ተደነቀ። የውሃ ኮሚቴው ደግሞ አይቶት ከምንጩ ወደ መንደሩ ቱቦ ዘረጋ፤ በምንጩ ይጠጣ የነበረው የዶኛ ሩፊና የባቄላ ማሳ ደረቀ።

በሁለተኛው ወር ኒዲያ ማሳው ድረስ ሄደች።

«ዶኛ ሩፊና፣ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ከአንቺ ሌላ ለማን አሳየሁና?» አሉ፣ የደረቀውን ሐረግ እየነቀሉ። «ውሃውስ ለሰው ደረሰ፣ ይሁን። እኔን የከፋኝ፣ በደጄ ስታልፊ አንገትሽን ደፍተሽ መሮጥሽ ነው።»

ኒዲያ አጎንብሳ አብራቸው ትነቅል ጀመር፤ እሳቸውም አልከለከሏትም።