ሁለት መስመር የምታክል መስኮት

ካናኤ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። አሸንፋለች! በቃ አሸንፋለች! የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች እጅ አውጥተው የሷን መስኮት መርጠዋል። ነገ ጠዋት፣ ወይኔ፣ የሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ልጆች በሷ መስኮት ኮድ ሊጽፉ ነው!

መስኮቷ እኮ ነፍስ ናት። ክበቡ ለልጆቹ በሠራው የፕሮግራም መማሪያ ውስጥ የፈለጉበት ቦታ ላይ ጠቅ ሲያደርጉ ብቅ ትላለች፤ ቁመቷ ሁለት መስመር ብቻ። አንዲት ትእዛዝ ይጽፉባታል፣ ኢንተር ይጫናሉ፣ ታስኬድላቸውና ሹልክ ብላ ትጠፋለች። ለዚህች ሹልክ ማለት ካናኤ ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታለች። ከሷ ጋር የተፎካከረው የክበቡ ልጅ የጌንታ መስኮት ግን? ግማሽ ስክሪን የሚውጥ ቁም ሳጥን! "አስኪድ" የሚል ድብልብል ቁልፍ ሁሉ ለጥፎበታል።

የትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ፣ ጫማ መቀየሪያው ጋ፣ ጓደኛዋ ቺዙሩ እየጠበቀቻት ነበር። ቺዙሩ የውኃ ዋና ክበብ አባል ናት፤ ኮድ ሲባል ራሷን ያማታል።

"ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ የምትከንፊው? ውሻ አባረረሽ?"

"አሸነፍኩ! ነይ፣ ነይ፣ ነይ! መጀመሪያ የምትሞክሪው አንቺ ነሽ!"

"እኔ? ኧረ ባክሽ ባቡሩ ያመልጠናል።"

"አንድ ደቂቃ! እሺ ሁለት!"

አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ። ስክሪኑ ላይ የታዘዘችውን የምትፈጽም አንዲት ኤሊ ቆማለች።

"ስምሽን እንድትጠራ እዘዣት። 'በይ' ብለሽ ከጎኑ ስምሽን ጻፊ፣ በቃ።"

ቺዙሩ ጻፈች። ስሟን በድምፁ መታች፣ በዚያ ድምፅ የሚነበቡት ካንጂዎች፣ የጃፓን የሥዕል ፊደላት፣ ተደርድረው መጡላት፣ የራሷን መርጣ ኢንተር ተጫነች። ሹልክ! መስኮቷ የለችም። ኤሊዋ "አልገባኝም" ብላ ተገትራለች።

"ውይ! ምን ነካሁ?"

"ምንም፣ ቸኩለሽ ነው። እንደገና!"

እንደገና ሹልክ። ለሦስተኛ ጊዜም ሹልክ።

"ይኸው! ነግሬሽ አልነበር? እኔ ለዚህ ነገር ድንጋይ ነኝ።" ቺዙሩ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። "የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይበልጠኛል ማለት ነው።"

ካናኤ "አዎ ድንጋይ!" ልትላት አፏን ከፍታ ሳለ ዓይኗ የቺዙሩ ትንሿ ጣት ላይ አረፈ። ኢንተር። ካንጂውን ለመምረጥ ነው እኮ የተጫነችው! ሰው ሁሉ በቀን ስንት ሺህ ጊዜ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው። መስኮቷ ግን "ጨርሻለሁ፣ አስኪጂ" ያለቻት መስሏት ግማሹን ትእዛዝ ይዛ ትሮጣለች። እነ ካናኤ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የሞከሩት በቁጥርና በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ነገ ልጆቹ ከምንም በፊት የሚጽፉት ምንድን ነው? ስማቸውን!

ዝም ብትልስ? ቺዙሩ እንደሆነች ጥፋቱን ለራሷ ወስዳዋለች። ማን ያውቃል?

ስልኳን አወጣች። ደወለች።

"አለቃ! መማሪያውን ለትምህርት ቤቱ ላክኸው እንዴ?"

"ልልከው ነው፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፤" አለ የክበቡ ኃላፊ ቶኪዋ። "ምነው?"

"የኔን አውጣና የጌንታን አስገባ።"

"ጤነኛ ነሽ? አሁን አይደል እንዴ ጠረጴዛ ላይ ወጥተሽ ስትጨፍሪ የነበርሽው?"

"ካንጂ ሲጻፍባት ትሞታለች። የጌንታ ግን 'አስኪድ' የሚለውን ቁልፍ ካልተጫኑት አይነሳም፣ የሱ ይሻላል።"

ቶኪዋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማናችንም አልሞከርንም?"

"ማናችንም።"

"ጌንታ ዕድሜ ልኩን ነው የሚጎርርብሽ።"

"ይጎረራ! ላከው በቃ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር!"

ዘጋችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"በኔ ምክንያት ነው?" አለች ቺዙሩ።

"ባንቺ አይደለም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ የሠራኋት እኔ ነኝ።" ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። "እስቲ እንደገና ጻፊ። ለእናትሽ መልእክት እንደምትልኪው አድርገሽ።"

"ባቡሩስ?"

"በሚቀጥለው እንሄዳለን።"

"ምኑን እንደምጫን ትነግሪኛለሽ አይደል?"

"አልነግርሽም። የለመድሽውን ተጫኚ፣ መስኮቷ ናት ካንቺ የምትማረው።"

ካናኤ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ስር ከተተች፤ ከንፈሯን ነከሰችና የቺዙሩን ጣቶች ዝም ብላ ማየት ጀመረች።