ሦስተኛው ሟች

ኩርባው ላይ ሲደርሱ ሾፌሮች ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋሉ። ከወዲያ ለሚመጣው መኪና እንዳይመስላችሁ። ቁጥቋጦው ጥግ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚቆም ሰው አለ ይባላል፤ እሱን «አሳልፈን» ለማለት ነው። እኔም በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ አየው ነበር። ኮቱን አውቀዋለሁ፤ የግራ ክርኑን የጣፍኩት እኔ ነኝ። ባሌ ነው። ከሞተ ዐራት ዓመቱ።

የምሠራው በገጠር መንገድ ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ክፍል ነው፤ የአደጋ ቅጽ እሞላለሁ። ዘንድሮ በትንሽ ወጪ አደጋ የመቀነስ ዕቅድ መጣ፦ እይታ የሚከልል ቁጥቋጦ መመንጠር፣ የመንገዱን ጠርዝ በኖራ በተቀባ ድንጋይ ማሳየት፣ አንድ ሰሌዳ መትከል። የሦስት ቀን ሥራ ነው። ሠራተኞቹ የሚላኩት ግን ሦስት ሰው ወደ ሞተበት ቦታ ብቻ ነው። ኩርባው መዝገብ ላይ ያለው ሁለት ሟች ነው።

«ሁለት ሰው ከሞተበት መንገዱ ጤነኛ ነው ማለት ነው?» አልኩት መሐንዲሱን።

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ? ቅጹ ነው የሚለው። እስከ ዓርብ ሦስተኛ ካመጣሽ ሰሌዳውን በገዛ እጄ እተክለዋለሁ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መሐንዲሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ አነጋገሩ ግን ሦስተኛውን ከሱቅ ገዝቼ የማመጣው ዕቃ አስመሰለው።

ራሳችን እንዳንመነጥረው፣ የሰፈሩ ሰው እዚያ ቁጥቋጦ ላይ መጥረቢያ ማንሳት አይደፍርም። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከተቆረጠ የት ይቆማል እል ነበር። በዚያው ሰሞን ግን የጎረቤታችንን ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው መኪና ገጭቷት አመለጠ። እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በነፍሷ ተረፈች። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ራሴን ጠላሁት። ሦስተኛውን ሟች ዐራት ዓመት ሙሉ የደበቅኩት እኔ ነኛ።

ባሌን ሌሊቱ ሊነጋ ሲል እዚያው ኩርባ ላይ ነው ሞተር ብስክሌቱ የጣለው። ያገኙት ወተት የሚያመላልሱ ሰዎች ናቸው። እኔ ስደርስ በድን ነበር። አማቴ ሌላ ከተማ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው ከሰዓት በኋላ ደረሱ፤ ገና ከበሩ ሳይገቡ «ምን አለ? ልጄ ምን ብሎ ሞተ?» አሉኝ። ምንም አላለም ማለት አቃተኝ። እቤት ድረስ በነፍሱ መጥቶ፣ አልጋው ላይ፣ ክንዴን ተንተርሶ ነው ያረፈው አልኳቸው። «እማዬን አደራ» ብሎ። ለመዝጋቢውም ይህንኑ ደገምኩለት፤ እቤቱ የሞተ ደግሞ በእኛ ቅጽ የመንገድ ሟች አይደለም።

አማቴ በዚያች ቃል ኖሩ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ያወሯታል። ሲመርቁኝም ሲቆጡኝም፣ ጨው በዛ ሲሉኝ እንኳ ሳይቀር፣ «አደራ የተባልሽብኝ» ይሉኛል። ሴት ልጃቸው ወደ እሷ እንዲሄዱ ብትለምናቸው እንቢ ብለው ከእኔ ጋር የቀሩት በዚያችው ቃል ነው። አሁን መዝገቡ እንዲታረም የእኔ ፊርማና የእናትየው የጣት አሻራ ያስፈልጋል።

ሐሙስ ከሥራ ገብቼ፣ ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። አሮጌ ሹራብ ተርትረው ክሩን እየጠቀለሉ ነበር።

«እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኩርባውን፣ ወተት አመላላሾቹን፣ ስይዘው ቀዝቅዞ የነበረውን እጁን።

መጠቅለላቸውን አላቆሙም። «እንግዲያ አደራ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሱስ?»

«ምንም አላለም፤ ቢልስ ማን ሰማው እማማ? ሰው አልነበረም።»

ክሩ ከእጃቸው ወደቀ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ወዲያው ነው የሞተው?» አሉ።

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸቱ ተሰናድቶ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ።»

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል ብሎኛል።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

አውራ ጣታቸውን ራሳቸው ቀለሙ ውስጥ ነክረው ቅጹ ላይ አሳረፉት። «ለዚያች ልጅ ስል ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

መሐንዲሱ ቃሉን ጠበቀ። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ድንጋዮቹ ተደረደሩ፣ ሰሌዳው ቆመ። ባሌን ሁለተኛ አላየሁትም። ይህን ስጽፍ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ናፈቀኝ።

አማቴ ጎህ ሲቀድ መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቁጥቋጦው የነበረበት ቦታ፣ ከነጩ ድንጋይ ወዲያ ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። በቀደም መሐንዲሱ መኪኖች ኩርባው ላይ ማዝገም መጀመራቸውን፣ ሰሌዳው ያለ ልክ እንደሠራ እየፈነደቀ ነገረኝ። ሰሌዳው አይደለም። በጭጋግ ውስጥ መንገድ ዳር የተቀመጡ አሮጊት ድንገት ሲያይ ፍሬን የማይዝ የትኛው ሾፌር ነው?

የመጀመሪያው ቀን ልመልሳቸው ጋቢ ይዤ ሄጄ ነበር። ትከሻቸው ላይ ደረብኩላቸውና «እማማ፣ ብርዱ ይጎዳዎታል፤ ይነሱ እንግባ» አልኳቸው።

«ደግሞ ብቻውን ትቼው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ለምኛቸው አላውቅም።